«አይመለስም» ማለት ኬሚካላዊ ማለት አይደለም

የፊዚካላዊና የኬሚካላዊ ለውጥ ትምህርት ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ቀላል ይመስላል። መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍላል። በግራ በኩል ፊዚካላዊው (አዲስ ንጥረ ነገር የማይፈጠርበት)፣ በረዶ ሲቀልጥ፤ በቀኝ በኩል ኬሚካላዊው (አዲስ ንጥረ ነገር የሚፈጠርበት)፣ እንጨት ሲነድ። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ጉዱ የሚወጣው ሰሌዳው ላይ ያልነበረ ምሳሌ ሲመጣ ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ስህተቶች እንያቸው።

«መመለስ ከተቻለ ፊዚካላዊ፣ ካልተቻለ ኬሚካላዊ ነው»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይህን የሚያስተምረው መምህሩ ራሱ ነው። ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ወደ ፍሬነቱ የሚመልሰው የለም። ዱቄቱ ግን ያው ጤፍ ነው። ደቀቀ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። የተሰበረ ብርጭቆም እንደዚሁ።

በተቃራኒው የመኪና ባትሪን ውሰዱ። ኃይል ሲሰጥ ውስጡ ያለው እርሳስ ከአሲዱ ጋር እየተዋሃደ ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ይመለሳል። ለውጡ ኬሚካላዊ ነው፣ ግን ይመላለሳል።

ቤተ ሙከራ ካላችሁ በኮፐር ሰልፌት አሳዩአቸው። ሰማያዊውን ክሪስታል በሙከራ ቱቦ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አሙቁ። እየነጣ ይሄዳል፤ የቱቦው አፍ አካባቢም የውሃ ጠብታ ይታያል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሰማያዊው ወዲያው ይመለሳል፣ ቱቦውም ሞቅ ይላል። ለውጡ ኬሚካላዊ ሆኖ ሳለ ተመለሰ። «ይመለሳል፣ ስለዚህ ፊዚካላዊ ነው» ብሎ የሸመደደ ልጅ እዚህ ጋ ይደናገራል። ይደናገር! ከዚያ በኋላ ነው «ይመለሳል ወይ?» የሚለውን ትቶ «አዲስ ንጥረ ነገር ተፈጥሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው።

«አረፋ ካለ ኬሚካላዊ ነው»

የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚንፎለፎለው በግፊት ሟሙቶ የቆየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ይወጣል፣ በቃ። የእንጀራ ሊጥ ላይ የሚታየው አረፋም ያው ጋዝ ነው። እዚያ ግን እርሾው ሊጡን እየበላ አዲስ ያመረተው ስለሆነ ለውጡ ኬሚካላዊ ነው። ጋዙ አንድ ዓይነት ሆኖ መልሱ ይለያያል።

የሚፈላ ውሃስ? ብዙ ተማሪዎች አረፋው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው ይላሉ። ውሃው ገና ሲሞቅ ድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ አረፋዎች ውሃው ውስጥ የነበረ አየር ናቸው። በኋላ ከሥር እየተገለባበጡ የሚመጡት ትልልቆቹ ደግሞ የውሃ ተን ናቸው። ቀዝቃዛ ክዳን ከላይ ብትይዙበት መልሶ ውሃ ይሆናል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 100 ያልደረሰው ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

«ቀለም ከተለወጠ ኬሚካላዊ ነው»

ቀለም ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ብረት አንጥረኛው ዘንድ እንደ ፍም ይቀላል፣ ሲቀዘቅዝም ያው ብረት ነው።

«የተቃጠለ ነገር ይጠፋል፣ የዛገ ብረት ክብደቱ ይቀንሳል»

ከሰል ነዶ ትንሽ አመድ ሲቀር ቀሪው የት ገባ? አብዛኛው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጋዝ ሆኖ ሄዷል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተዘጋ ዕቃ እየመዘነ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ጋዙ ካላመለጠ ክብደቱ አይጎድልም።

ዝገት ደግሞ ይብስ ያስገርማል። ብረቱ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ፣ ዝገቱ እስካልረገፈ ድረስ ክብደቱ ይጨምራል። ለማየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የሚዝግ ዓይነት የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አርጥባችሁ ጠባብ ብርጭቆ ሥር ወትፉ። ብርጭቆውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ድፉትና ለጥቂት ቀናት ተዉት። ሽቦው እየዛገ ሲሄድ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል፤ ቢበዛ የአየሩን አንድ አምስተኛ ያህል ቦታ ይይዛል። የተበላው ኦክስጅኑ ነው።

«አንድ ክስተት አንድ ዓይነት ለውጥ ብቻ ነው»

ሻማ ላይ ሰሙ ይቀልጣል፣ ይተናል፣ ተኑም ይነዳል። ሁለቱ ፊዚካላዊ ናቸው፤ መንደዱ ኬሚካላዊ ነው። ቡና ማፍላት ግን ከሻማም ይሻላል። ሲታጠብ ፊዚካላዊ ነው። ሲቆላ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፣ ጥሬው ላይ ያልነበረ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ይሄ ኬሚካላዊ ነው። ሲወቀጥ ደግሞ ወደ ፊዚካላዊ ተመለስን። ጀበና ውስጥ በዋናነት የሚሆነው መሟሟት ነው። ከሥር ያለው ከሰል በበኩሉ ኬሚካላዊ ሥራውን ይሠራል። ይህን ሁሉ ልጆቹ ቤታቸው ያውቁታል፤ ፊዚካላዊና ኬሚካላዊ ብሎ የነገራቸው ሰው ነው የጠፋው።

ጨው ውሃ ውስጥ መሟሟቱንም በፈተና እንደ ወጥመድ ባታስገቡት ጥሩ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ፊዚካላዊ ይሉታል፤ ውሃው ሲተን ጨው መልሶ ስለሚገኝ ያስኬዳል። የአፍዴራ ጨውም የሚመረተው በዚሁ መንገድ ነው። ግን በክሪስታሉ ውስጥ አዮኖቹን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸውን የጨው ቅንጣቶች) የያዘው ትስስር ስለሚፈታ ኬሚስቶችም ይከራከሩበታል። ከእሱ ይልቅ «ቅቤ ሲነጠር ምን ምን ለውጥ ይካሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅቤው ይቀልጣል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ ሥሩ የሚቀረው አንጉላ ቡናማ ይሆናል። ሦስቱን ለይቶ ለእያንዳንዱ ምክንያት የጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።