የአሰልጣኝ «ቡድን ግንባታ» ምንድን ነው?

ዋንጫ ካነሳ «ቡድን ገነባ» ይባላል። ከተባረረ ደግሞ «ቡድኑን አፈረሰው»። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ቡድን ግንባታ ማለት አሰልጣኙ ያገኛቸውንና ያስመጣቸውን ተጫዋቾች አዋህዶ፣ የራሱ አጨዋወት ያለው፣ አንድ ሰው ሲጎዳበትም የማይናጋ ቡድን መሥራት ነው። ማሸነፍ ሌላ ነገር ነው። ሮቤርቶ ዲ ማቴዎ እ.ኤ.አ. በ2012 ቼልሲን በጊዜያዊነት ተረክቦ በሁለት ወር ተኩል ሻምፒዮንስ ሊግ በላ። ግን የቡድኑ ምሰሶ የነበሩት ተጫዋቾች ቼክ፣ ቴሪ፣ ላምፓርድና ድሮግባ እሱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት እዚያው ነበሩ። የተሠራ ቤት ገብቶ ድግሱን አሳመረው ማለት ይቀላል። ከስድስት ወር በኋላ እሱም ተሰናበተ።

ታዲያ በምን እንለካው? እኔ መጀመሪያ የማየው ተጫዋቹ በአሰልጣኙ እጅ ምን እንደሆነ ነው። አንዲ ሮበርትሰንን እንውሰድ። በ2017 ከሊጉ ከወረደው ሀል ሲቲ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል ገባ። አሰልጣኙ የርገን ክሎፕ ወዲያው አላሰለፈውም። ለወራት ተቀያሪ ወንበር ላይ ቆየ። በጃንዋሪ 2018 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ሲጫወቱ ግን ያ የግራ መስመር ተከላካይ ብቻውን ኳስ ማባረር ጀመረ። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ እስከ ግብ ጠባቂው ኤደርሰን ድረስ! መጨረሻው ጥፋት ሆኖ ተነፋበት። ደጋፊው ግን እንደ ግብ ጨፈረ። ክሎፕ የሚፈልገው ጨዋታ እግሩ ውስጥ እንደገባ ያኔ ታየ። ለሌላው የሊቨርፑል ተከላካይ ለቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፈል ጎበዝ ተከላካይ መጠበቅ ያለ ነው። የአሰልጣኝ ሥራ ጎልቶ የሚታየው እንደ ሮበርትሰን ባሉት ላይ ነው።

ግዢውን ለአሰልጣኙ ብቻ መስጠትም ልክ አይደለም። በዚያ ዘመን ሊቨርፑል ማይክል ኤድዋርድስ የሚባል ስፖርቲንግ ዳይሬክተር (የተጫዋች ግዢን የሚመራ ኃላፊ) ነበረው። ስለዚህ «ማን ገዛው?» ከሚለው ይልቅ «ከተገዛ በኋላስ?» የሚለው ይበልጣል።

ሁለተኛው መለኪያ ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ትዕግሥት የለንም። አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድ የገባው በ1986 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያ ዋንጫው ኤፍ ኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ነበር፣ በ1990። ዛሬ ቢሆን ማን ይጠብቀው ነበር?

ከባዱ ጥያቄ አሰልጣኙ ሲሄድ ይመጣል። ፈርጉሰን በ2013 ሊጉን በልቶ ጡረታ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ዩናይትድ 7ኛ ሆነ። ግማሹ ሰው «የእሱን ትልቅነት ያሳያል» ይላል። ግማሹ «ያረጀ ቡድን ጥሎ ሄደ» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሰውዬው በ1994፣ በ1999 እና በ2008 ያሸነፈባቸው ቡድኖች በጣም የተለያዩ ነበሩ፤ እየበተነ ይሠራ ነበር። ሲለቅ ግን ተከላካዩ ፈርዲናንድ 34 ዓመቱ ነበር። በሦስቱም ቡድኖች ውስጥ የነበረው ጊግስ ደግሞ 39።