በላውደን ካውንቲ ስኩል ዲስትሪክት ቤት መግዛት

ላውደን ካውንቲ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ 520 ካሬ ማይል ገደማ ስፋት ያለው አካባቢ ነው። በምሥራቁ በኩል፣ በደለስ አየር ማረፊያ ዙሪያ፣ ስተርሊንግ፣ አሽበርን፣ ብራምብልተንና ሳውዝ ራይዲንግ የተባሉት ሰፈሮች ታውን ሃውስ የሚባሉትን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶቻቸውን ደርድረው ይታያሉ። ከካውንቲው መቀመጫ ከሊስበርግ አልፎ ወደ ምዕራብ ለሚነዳ ሰው ግን አገሩ ይለወጥበታል፤ የፈረስ ማርቢያው፣ የወይን እርሻው፣ በድንጋይ ካብ የታጠረው መስክና የጠጠር መንገዱ እስከ ብሉ ሪጅ ተራራ ግርጌ ይዘልቃል። በ1990 በተደረገው ቆጠራ 86,129 የነበረው የካውንቲው ሕዝብ በ2020 ወደ 420,959 ደርሷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከመጡት ውስጥ ቀላል የማይባሉት በአሌክሳንድሪያና በሌሎች ለዋሽንግተን ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች አፓርታማ ተከራይተው ከኖሩ በኋላ ልጅ ሲደርስ ወደ ውጭ የወጡ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚሁ መካከል ይገኛሉ። ለምን ላውደን እንደመረጡ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ስኩል ዲስትሪክቱ ጥሩ ነው» ይላሉ፤ የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን አካል ማለታቸው ነው።

ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ ነው። በቨርጂኒያ እያንዳንዱ ካውንቲ በጥቅሉ አንድ የትምህርት አስተዳደር ስላለው፣ በላውደን የዲስትሪክቱ ወሰንና የካውንቲው ወሰን አንድ ናቸው። ስተርሊንግ ያለው የኮንዶ ነዋሪም ሆነ ፐርስልቪል አጠገብ ሃምሳ ኤከር መሬት ያለው ገበሬ የዚያው ስኩል ዲስትሪክት ነዋሪ ነው። እንደ ቴክሳስና ፔንሲልቬኒያ ባሉ ግዛቶች ስኩል ዲስትሪክቱ ራሱን ችሎ ግብር ስለሚጥል፣ መንገድ ተሻግሮ የተገዛ ቤት ሌላ ዲስትሪክትና ሌላ የግብር መጠን ሊኖረው ይችላል። የቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ግን ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። የላውደን ቦርድ ስምንት ከየምርጫ ክልሉ፣ አንድ ደግሞ ከመላው ካውንቲ የሚመረጡ ዘጠኝ አባላት ሲኖሩት፣ በየዓመቱ በጀቱን አዘጋጅቶ ካውንቲውን ለሚያስተዳድረው ምክር ቤት፣ ለሱፐርቫይዘሮች ቦርድ፣ ያቀርባል፤ የግብሩን መጠን የሚወስነው ይኸኛው ነው። እንግዲህ በካውንቲው ውስጥ እስከተገዛ ድረስ ዲስትሪክቱ በየትኛውም አድራሻ አብሮ ይመጣል። ገዢዎች በሰፈርና በሰፈር መካከል ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍሉት ለሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ለአንድ አድራሻ የትኛው አንደኛ ደረጃ፣ የትኛው መካከለኛና የትኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚመደብ ለሚያሳየው የምደባ ክልል ነው።

የምደባ ክልሉ በቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ላይ አልተጻፈም። የሚሠምረው በትምህርት ቦርዱ ሲሆን፣ አዲስ ትምህርት ቤት በተከፈተ ወይም አንዱ ሞልቶ ሌላው በጎደለ ቁጥር ቦርዱ መሥመሩን ያንቀሳቅሰዋል። በላውደን ይህ ብዙ ጊዜ ሆኗል። በ2010 ዉድግሮቭና ተስካሮራ፣ በ2012 ጆን ሻምፕ፣ በ2014 ሮክ ሪጅ፣ በ2015 ሪቨርሳይድ፣ በ2019 ኢንዲፔንደንስ፣ በ2020 ላይትሪጅ ተከፍተዋል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማለት ነው። እያንዳንዱ የተሞላው ከጎረቤቶቹ በተቆረሱ ሰፈሮች ልጆች ነው። ታላቅ ልጁን በአንዱ አስመርቆ ታናሹን በሌላው ያስገባ ቤተሰብ በአሽበርን ዙሪያ ብርቅ አይደለም፤ ቤት ግን አልለወጠም።

ስለዚህ የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የትምህርት ቤት ስም አምኖ ዋጋ ማቅረብ ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ ከስሙ ሥር፣ በደቃቁ ፊደል፣ ገዢው ራሱ እንዲያረጋግጥ የሚያሳስብ ዐረፍተ ነገር አለ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም በትምህርት አስተዳደሩ የአድራሻ መፈለጊያ ላይ ማስገባት ብቻ ይበቃል። ከዚያ የሚከብደው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ በሰፈሩ አቅራቢያ የሚሠራ አዲስ ትምህርት ቤት በካውንቲው የግንባታ ዕቅድ ውስጥ አለን? ካለ፣ የዛሬው መልስ ልጁ ትምህርት እስኪጨርስ ላይቆይ ይችላል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በርካታ ወላጆች የሚመኙት በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሙያ ሥልጠና ላይ ያተኮረው አካዳሚስ ኦቭ ላውደን በ2018 ሊስበርግ አጠገብ የተከፈተ ሲሆን፣ ተማሪዎቹን የሚቀበለው በማመልከቻ ነው። በፌርፋክስ ካውንቲ የሚገኘው ዝነኛው የቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ከላውደን የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ይቀበላል። ለእነዚህ ልጅን ለማዘጋጀት ሲባል ብቻ ውድ ሰፈር መግዛት፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ዋጋ አያወጣም፤ ከስተርሊንግ የመጣውም ከብራምብልተን የመጣውም የሚሞላው ያንኑ ማመልከቻ ነው።

በዚህ ካውንቲ ለትምህርት ሲባል መሬት መግዛት የቆየ ታሪክ አለው። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ተለይተው ይማሩ በነበረበት ዘመን፣ በላውደን ለጥቁሮች የሚመጥን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ስመ ጥሩውን የሕግ ባለሙያ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተንን ጠበቃ ይዘው ካውንቲውን ተሟገቱ፤ ገንዘብ አዋጥተውም በሊስበርግ በ4,000 ዶላር መሬት ገዙና ለትምህርት ቦርዱ በ1 ዶላር አስተላለፉ። ዳግላስ ትምህርት ቤት በዚያ መሬት ላይ በ1941 ተከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለያየቱን በ1954 ሕገ ወጥ ቢያደርገውም፣ የላውደን ትምህርት ቤቶች በሙሉ የተዋሐዱት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የካውንቲው ቦርድና የትምህርት አስተዳደሩ በ2020 ለዚህ በጋራ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ዛሬ የትምህርት ቤቶቹን በጀት ከሚሸፍነው የካውንቲው ገቢ ትልቁን ድርሻ የሚያመጡት የንብረት ግብርና የዳታ ሴንተሮች (የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ ማዕከላት) ግብር ናቸው። አሽበርንን ሲያቋርጡ በግራና በቀኝ የሚታዩት መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች በውስጣቸው ላለው የኮምፒውተር ዕቃ ለካውንቲው ግብር ይከፍላሉ፤ ለትምህርት ቤት የሚልኩት ልጅ ደግሞ የላቸውም። ውጤቱ በቤት ባለቤቱ ደረሰኝ ላይ ይታያል። በ2010 በእያንዳንዱ 100 ዶላር የቤት ግምት 1.30 ዶላር የነበረው የንብረት ግብር በ2025 ወደ 0.805 ዶላር ወርዷል። በዚህ ስሌት 700,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 5,635 ዶላር ይከፈልበታል፤ ክፍያው በሁለት ተከፍሎ በጁን 5 እና በዲሴምበር 5 ይጠናቀቃል፤ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ያለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከወርኃዊ ክፍያው ጋር አብሮ ስለሚያስገባው ቀኑን ላያውቀው ይችላል። እንደ ሊስበርግና ፐርስልቪል ባሉ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ወሰን ውስጥ የሚገዛ ሰው ግን የከተማውን ግብር ይጨምርበታል። ከሌላ ግዛት ለመጡት ደግሞ በየዓመቱ የሚመጣው የመኪና ግብር እንግዳ ይሆንባቸዋል። የመጠኑ መውረድ ሲነገር የማይነገረው የቤቱ ግምት መውጣት ነው፤ መጠኑ ወርዶ ግምቱ ከወጣ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ላይቀንስ ይችላል።

በምሥራቁ የሚገዛ ሰው ከቤቱ ጋር ማኅበር አብሮ ይገዛል። አብዛኞቹ ሰፈሮች በአንድ ዕቅድ የተሠሩ በመሆናቸው በነዋሪዎች ማኅበር፣ በተለምዶ ኤች ኦ ኤ በሚባለው፣ ይተዳደራሉ፤ ወርኃዊ መዋጮው የመዋኛ ገንዳውን፣ የበረዶ ጠረጋውን፣ በአንዳንዱ ሰፈር ኢንተርኔቱን ጭምር ይይዛል። የበሩን ቀለም ለመቀየርም የማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ ሕግ ገዢው የማኅበሩን ሰነዶች ማለትም ደንቡን፣ በጀቱን፣ ያልተከፈለ ዕዳውንና ያልታረመ ጥፋት መኖር አለመኖሩን የያዘውን ጥቅል እንዲቀበል፣ ከተቀበለም በኋላ ውሉን የሚሰርዝበት የሦስት ቀን ጊዜ እንዲኖረው ያዛል። ሦስት ቀን ለወፍራም ሰነድ አጭር ነው፤ ቢያንስ የመጠባበቂያ ገንዘቡን ገጽና የቅጣት ዝርዝሩን ማንበብ ተገቢ ነው።

የአየር ማረፊያው ድምፅ ሌላው ጉዳይ ነው። ካውንቲው በደለስ ዙሪያ በድምፅ መጠን የተከፋፈለ ክልል ስላለው፣ ቤቱ በዚያ ውስጥ መሆን አለመሆኑን በካርታ ማየት ይቻላል፤ የሚሻለው ግን ምሽት ላይ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ቆሞ ማዳመጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚነሣው ከዚሁ ስለሆነ፣ ድምፁን እንደ ጉርብትና የሚቆጥሩትም አሉ። ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ ባቡር መሥመር ኖቬምበር 15 ቀን 2022 እስከ አሽበርን ከተዘረጋ ወዲህ ዋሽንግተን ለሚሠሩ ሰዎች መንገዱ ቀሏል። በመኪና የሚሄድ ግን በ1995 የተከፈተውን የግል የክፍያ መንገድ፣ ደለስ ግሪንዌይን፣ ሒሳብ ከወርኃዊ ወጪው ጋር አስቀድሞ ይደምር።

ምዕራቡ ሌላ ግዢ ነው። ካውንቲው በ2019 ባጸደቀው አጠቃላይ ዕቅድ ይህን ክፍል የገጠር ክልል አድርጎ ስለከለለው፣ ከከተሞቹ ውጭ የከተማ ውኃና የፍሳሽ መሥመር በአብዛኛው የለም። የሚጠጣው ከጉድጓድ ይወጣል፣ የሚፈሰውም ጓሮ ውስጥ ወደተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል። እዚህ ላይ የማስታወቂያውን ፎቶ ትቶ በካውንቲው ጤና ቢሮ ያለውን የፈቃድ ወረቀት መመልከት ያስፈልጋል። የሴፕቲክ ፈቃድ የሚሰጠው በመኝታ ክፍል ብዛት ነው፤ አምስት መኝታ ቤት አለው የተባለ ቤት ፈቃዱ ሦስት ብቻ የሚል ከሆነ፣ የተቀሩት ሁለቱ ክፍሎች ለፍሳሹ ሥርዓት የማይታወቁ ናቸው። ከተለመደው የተለየ የማጣሪያ ሥርዓት ያለው ቤት ደግሞ በግዛቱ ደንብ በየዓመቱ በባለሙያ ይፈተሻል፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው። ጉድጓዱ ለባክቴሪያ ይመረመራል፣ በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥም ይለካል፤ ለዚህ ባለሙያው ቧንቧውን ከፍቶ ውኃውን ለረጅም ጊዜ ያፈሰዋል፤ ገዢው አብሮ ቆሞ ግፊቱ ሲደክም ወይም ውኃው ሲደፈርስ በዓይኑ ቢያይ ይመረጣል።

በሰፊ መሬት ላይ የተሠራ የገጠር ቤት ግብሩ የረከሰ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መሬቱ በእርሻነት መገመቱ ነው። ገዢው ሣር ማሳጨዱን ወይም ከብት ማርባቱን ትቶ አገልግሎቱን ከቀየረው፣ የዚያን ዓመትና ያለፉትን አምስት ዓመታት የግብር ልዩነት ከነወለዱ ይጠየቃል። ሻጩ ይህን ላያነሣው ይችላል፤ ቨርጂኒያ በአጠቃላይ «ገዢ ራሱን ይጠብቅ» በሚለው መርሕ የምትሄድ ግዛት ናት፤ ሻጭ ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚገልጸው ጥቂት ነው፤ ምርመራው በገዢው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ለዚህም በምሥራቅም በምዕራብም ከመሬት ወደ ቤት የሚገባው ጨረር አመንጪ ጋዝ፣ የሬዶን፣ ምርመራ መተው የለበትም፤ ላውደን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከፍተኛ የሬዶን ሥጋት አለባቸው ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ድርጅቱ አየሩ እንዲታረም የሚመክረው መጠኑ በሊትር 4 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ) ሲደርስ ነው።

ስለ ገንዘቡ፣ ለአበሻ ገዢ የሚነገር አንድ የተለየ ነገር አለ። ቅድመ ክፍያው ከእቁብ የተገኘ ከሆነ፣ አበዳሪው የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ መግለጫ ሲያገላብጥ በአንድ ቀን የገባውን 20,000 ዶላር ያየዋል፤ ከየት እንደመጣም በጽሑፍ ይጠይቃል። እቁብ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ በየወሩ የተከፈለው መዋጮ ከባንክ የወጣበት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ በጥሬ ገንዘብ የወጣ እቁብ ማስረጃ ስለማይኖረው አበዳሪው ጨርሶ ላይቆጥረው ይችላል። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው እቁቡን አስቀድሞ ማውጣትና ገንዘቡን ባንክ አስገብቶ ጥቂት ወራት ማስቀመጥ ይመረጣል። ከዘመድ የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ የማይመለስ መሆኑን የሚገልጽ የስጦታ ደብዳቤ ይፈልጋል። ወለድ መክፈል የማይፈልጉ ሙስሊም ገዢዎችም በሽርክና ወይም በትርፍ ሽያጭ የሚሠሩ አበዳሪዎችን በአካባቢው ያገኛሉ። ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ከ30 እስከ 70 በመቶ ለሚሆን ቤተሰቦች ካውንቲው ዋጋቸው የተገደበ አዳዲስ ቤቶችን የሚሸጥበት ፕሮግራም አለው፤ ቤቶቹ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሰፈር የሚሠሩ በመሆናቸው ልጆቹ የሚሄዱትም ወደዚያው ትምህርት ቤት ነው።

ቁልፉ ከተረከበ በኋላ ቤተሰቡ የግዢውን ሰነድ፣ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀትና የክትባት ማስረጃ ይዞ ለምዝገባ ይቀርባል፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። ከዚያ ወዲያ የዲስትሪክቱ አንድነት በደንብ የሚታየው በክረምት ነው። በረዶ ሲጥል በምዕራቡ ያሉት ከ200 ማይል በላይ የሚሆኑ የጠጠር መንገዶች ለአውቶቡስ አደገኛ ስለሚሆኑ፣ አስተዳደሩ ብዙ ጊዜ ትምህርትን በመላው ካውንቲ ይዘጋል። ገና ሳይነጋ መልእክቱ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ በአሽበርን አስፋልቱ ደርቆ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ፣ ከሠላሳ ደቂቃ መንገድ ማዶ ባለ ኮረብታ ላይ በቀረ በረዶ ምክንያት ልጁ ቤት ይውላል።