የመኪና ሞተርን በስልክ መከታተል

ቼክ ኢንጂን የምትባለዋ ቢጫ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ስትበራ፣ የመኪናው ኮምፒውተር ያስተዋለውን ችግር በኮድ መዝግቦ ጨርሷል። ለሾፌሩ ግን ዝርዝሩን አይነግረውም። ድሮ ይህን ኮድ ለማንበብ ጋራዥ ያለ ውድ ማሽን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የክብሪት ሳጥን የምታክል ማገናኛና አንድ የስልክ አፕ ይበቃሉ።

አፑ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የተመዘገቡ ኮዶችን ማንበብና ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሮቹ የሚሉትን በቀጥታ ማሳየት ነው፦ ሙቀት፣ የሞተር ዙር፣ የሚገባው አየር መጠን፣ የባትሪ ቮልቴጅ። ብዙ ሰው አፑን የሚያወርደው ለመጀመሪያው ነው። ቁም ነገሩ ግን ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ለሾፌሩ ታስቦ አልነበረም። የታሰበው ለጭሱ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የብክለት መቆጣጠሪያቸው ሲበላሽ ራሳቸው አውቀው መብራት እንዲያበሩ አስገደደ። ሆኖም እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ሶኬትና የራሱ ኮድ ነበረው። ይህን አንድ ያደረገው ኦቢዲ ሁለት የሚባለው ደረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለቤት መኪኖች ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ለቤንዚን መኪኖች በ2001፣ ለናፍጣ ደግሞ በ2004 ተከተለ። ከ2008 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ካን በሚባለው ፈጣን የመገናኛ መስመር እንዲጠቀሙ ተደረገ። አሮጌ መኪና ላይ አፑ ቁጥሩን እያዘገመ የሚያሳየው፣ አዲሱ ላይ የሚፈጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማገናኛው የሚሰካበት ሶኬት 16 ቀዳዳ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች፣ ከሾፌሩ ጉልበት አጠገብ ይገኛል። በደረጃው መሠረት ከመሪው ከ60 ሴንቲሜትር ገደማ በላይ መራቅ የለበትም። 16ኛው ቀዳዳ ኃይል የሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ቢነቀልም የተሰካው ማገናኛ ኃይል መውሰዱን ይቀጥላል። መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ማገናኛውን መንቀል ነው። አለበለዚያ ደካማ ባትሪ ጉድ ይሠራል።

ማገናኛው ውስጥ ያለችው ቺፕ የራሷ ታሪክ አላት። ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ኢኤልኤም327 የምትባል ቺፕ ሠራ። ሥራዋ የተለያዩ መኪኖች የሚናገሩትን የተለያየ ቋንቋ ተቀብላ ወደ ቀላል ጽሑፍ መቀየር ነው። ብዙም ሳይቆይ ተገለበጠች። ገበያው በግልባጭ ተጥለቀለቀ፣ ኩባንያው ራሱ በ2022 ሥራውን አቆመ። ግልባጩ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ግን ትእዛዝ ይዘላል፣ መሀል ላይ ግንኙነት ያቋርጣል። ብዙዎቹ «ስሪት 1.5» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ዋናው ኩባንያ ደግሞ 1.5 የሚባል ስሪት ጭራሽ አውጥቶ አያውቅም! አፑ አልሠራም ብሎ ከማማረር በፊት ማገናኛውን መጠርጠር ያዋጣል።

አንድሮይድ ስልክ ከተለመደው የብሉቱዝ ማገናኛ ጋር ይግባባል። የይለፍ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። አይፎን ግን ከዚያ ዓይነቱ ጋር ስለማይሠራ የዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ ኤልኢ የሚባለውን ይፈልጋል። ከአፖቹ ቶርክ፣ ካር ስካነርና ኦቢዲ ፊውዥን በሰፊው ይታወቃሉ።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ወሬ አጭር ነው። አፑ «01 05» ብሎ ይልካል። 01 ማለት «የአሁኑን መረጃ ስጠኝ» ነው፣ 05 ደግሞ የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ ሙቀት ነው። መኪናው «41 05 82» ብሎ ይመልሳል። 82 የተጻፈው 16ን መሠረት ባደረገ አቆጣጠር ነው፤ በኛ አቆጣጠር 130 ይሆናል። ከዚያ ላይ 40 ሲቀነስ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመጣል። 40 የሚቀነሰው ከዜሮ በታች ያለ ቅዝቃዜም እንዲገለጽ ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው የሚያምር ክብ ሰዓት በሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄና መልስ በተከታታይ ሲደረግ ነው።

ኮዶቹም ሥርዓት አላቸው። ፒ0301ን እንውሰድ። ፒ ሞተሩንና የኃይል ማስተላለፊያውን ይመለከታል። ቀጥሎ ያለው 0 ኮዱ ለሁሉም ፋብሪካ የጋራ መሆኑን ይናገራል። 3 የማቀጣጠል ችግር ነው፣ 01 ደግሞ አንደኛው ሲሊንደር። በአጭሩ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ለምን? ኮዱ እሱን አይልም። ካንዴላው ሊሆን ይችላል፣ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ኮይል፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ወይም ጭራሽ የቫልቭ ችግር። ኮዱን አይቶ ወዲያው ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ሊበትን ይችላል። ታዋቂው ፒ0420 ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ኮዱ የሚለው የጭስ ማጣሪያው አቅሙ ቀንሷል ነው። ይህን የሚፈርደው ግን ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያሉትን ሴንሰሮች አይቶ ነው። የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ኖሮት አየር ቢያስገባም ያው ኮድ ሊወጣ ይችላል። ማጣሪያው ደግሞ ውድ ዕቃ ነው።

የቀጥታ መረጃው የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ፒ0171 ወጣ እንበል፤ ለአየሩ የሚመጥን ነዳጅ የለም ማለት ነው። አፑ ላይ ፊውል ትሪም የሚባለውን መክፈት ነው። ኮምፒውተሩ ከታሰበው በላይ ወይም በታች ምን ያህል ነዳጅ እየረጨ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። ጤነኛ ሞተር ዜሮ አካባቢ ይውላል፤ ወደ 10 ሲጠጋ መጠርጠር ይጀመራል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ 20 ከመቶ አሳይቶ፣ ነዳጅ ተሰጥቶት ዙሩ 2500 ሲደርስ ወደ 4 ከወረደ፣ የሆነ ቦታ ያልተለካ አየር ሾልኮ እየገባ ነው። በሚኒሞ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ሾልኮ የሚገባው ጎልቶ ይታያል። ዙሩ ሲጨምር ግን ከብዙው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይዋጣል። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ፍለጋ ይጀመራል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ቁጥሩ ከወጣ፣ የሚጠረጠረው የነዳጅ ፓምፑ ወይም የነዳጅ ማጣሪያው ነው። ኮዱ አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ሁለት።

ኮድ የማጥፋት ቁልፏ ከሁሉም በላይ ታጓጓለች። ስትነካ መብራቱ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ከኮዱ ጋር ፍሪዝ ፍሬም የሚባለው መረጃም አብሮ ይሰረዛል። እሱ ደግሞ ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት ፍጥነቱ፣ ሙቀቱና ዙሩ ስንት እንደነበረ የያዘ ነው። ለመካኒኩ ከኮዱ የማይተናነስ ፍንጭ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይቀድማል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ይህችን ቁልፍ ማወቅ አለበት። ከሽያጭ በፊት ኮድ ከተደመሰሰ ሬዲነስ የሚባሉት የራስ ምርመራ ውጤቶች «አልተጠናቀቀም» ይላሉ፤ መኪናው በቂ መንገድ እስኪሄድም ቶሎ አይሞሉም። ባትሪ ሲነቀልም እንዲሁ ይሆናል፣ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።

መብራቷ ቦግ እልም ካለች ነገሩ ሌላ ነው። ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው እየሄደ ነው፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። ያኔ አፕ ከመክፈት ቀስ ብሎ ዳር መያዝ ይሻላል።

አፑ የማያየውም ብዙ ነው። ሴንሰር የሌለበት ነገር ስክሪን ላይ አይወጣም። ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የላላ ቺንጋ፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት ኮድ የላቸውም። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና ኤርባግ ኮድ ቢኖራቸውም፣ ተራ አፕ ብዙ ጊዜ አያነባቸውም። ለነሱ ለፋብሪካው ተብሎ የተሠራ አፕ ያስፈልጋል፤ ኦቢዲኢለቨን ለምሳሌ በቮልስዋገን ቤተሰብ መኪኖች ይታወቃል።

ሶኬቱ ለሰርጎ ገቦችም በር ነው። በ2015 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ያሉ ተመራማሪዎች ኮርቬት መኪና ላይ ለኢንሹራንስ ክትትል የሚያገለግል ዓይነት መሣሪያ ሰክተው፣ በስልክ መልእክት ብቻ ፍሬኑን ማዘዝ እንደሚቻል አሳይተዋል። የራሱ የሞባይል መስመር ያለው መሣሪያ ከቀላሉ የብሉቱዝ ማገናኛ ይልቅ ያሰጋል። ያም ሆኖ ብሉቱዙንም ቢሆን ሥራ ሲያልቅ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተራው አፕ ብዙ አይረዳም። ደረጃው ለጭስ የወጣ ስለሆነ ጭስ የሌለው መኪና የሚመልሰው የጋራ ጥያቄ ጥቂት ነው። ክፍተቱን የሞሉት ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠሩ አፖች ናቸው። ሊፍ ስፓይ የኒሳን ሊፍን ባትሪ ሴሎች ቮልቴጅ ለየብቻ ያሳያል፣ የባትሪውን ጤንነትም በመቶኛ ያወጣል። ያገለገለ ሊፍ ሊያዩ የሚሄዱ ሰዎች ማገናኛቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው።