ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው

ጥጃ ሲወለድ ጆሮው ተሟልቶ ነው የሚመጣው። ቀንድ ግን የለውም። አናቱን ብትዳብሱት ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ላይ እብጠቷ ቆዳው ስር ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ከራስ ቅሉ ጋር አልተጣበቀችም። አጥንቱን የምትይዘው ጥጃው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ ታድጋለች፣ ትጠነክራለች። በሬው ኋላ የሚፈራው በእሷ ነው። ጆሮው ያው ጆሮ ነው።

አባባሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ ከብት እያረባ ከኖረ ሰው ዓይን። «ፊት የበቀለን» የሚሉም አሉ፣ ትርጉሙ አይለወጥም። ኋላ የመጣው ቀድሞ የነበረውን ሲበልጥ ይባላል። ታናሽ ታላቁን፣ ተማሪ መምህሩን፣ ትናንት የተቀጠረው አንጋፋውን ሲያስከነዳ። አንዱ በአድናቆት ይለዋል፣ ሌላው ቅር እያለው። ቅሬታው ለእኔ አይዋጥልኝም። ቀንድ የጆሮን ቦታ አልቀማም፤ ጆሮም መስማቱን አልተወም።

ከስፖርት ምሳሌ አምጣ ብባል የምጠራው ፈርናንዶ ቫሌንዙዌላን ነው። የተወለደው በሜክሲኮ፣ ሶኖራ ግዛት፣ ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። ከ12 ልጆች የመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በ20 ዓመቱ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነበር። የመክፈቻውን ጨዋታ እንዲጀምር የታሰበው አንጋፋው ጄሪ ሩስ ነው። ሩስ ባቱን ተጎዳና ዕድሉ ለልጁ ደረሰ። ኤፕሪል 9 ሂውስተን አስትሮስን አንድም ነጥብ ሳይሰጥ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ከዚያ ማን ያቁመው! ሊወረውር ሲል ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል። ግራኝ ነው። ስክሩቦል የምትባለው ውርወራው በቀኝ ከሚመታ ተጫዋች እየራቀች ትታጠፋለች። 8 ጨዋታ ጀመረ፣ 8ቱንም አሸነፈ። በአምስቱ ምንም ነጥብ አልገባበትም። ወርዋሪ ከሚመዘንባቸው ነገሮች ዋናው፣ በ9 ኢኒንግ (ኢኒንግ የጨዋታው አንድ ዙር ነው፤ ሙሉ ጨዋታ 9 ዙር አለው) በአማካይ ስንት ነጥብ ይገባበታል የሚለው ነው። ቫሌንዙዌላ በ72 ኢኒንግ የገባበት 4 ብቻ ነበር። አማካዩ 0.50 ማለት ነው። ሌላው ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን በ1968 ዓመቱን የጨረሰበት 1.12 እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ይወራል። ልጁ ሲጀምር የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ግን የውድድር መጀመሪያ ቁጥርም ቶሎ ከሚበቅሉት ነው። ሜይ 18 ፊላደልፊያ ፊሊስ 4 ለ 0 አሸነፉት። ከዚያ የተጫዋቾች አድማ ውድድሩን ለሁለት ወር ገደማ አቋረጠው። ዓመቱ ሲዘጋ የልጁ አማካይ 2.48 ሆነ። ዶጀርስ በሚጫወቱበት ናሽናል ሊግ በዚህ መለኪያ አንደኛ የወጣው የሂውስተኑ ኖላን ራያን ነው፤ በ1.69። ዕድሜው 34! ሴፕቴምበር 26 ደግሞ ያንኑ ዶጀርስን አንድም ሂት፣ ማለትም መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት፣ ሳይሰጥ ረታ። ስለዚህ አባባሉን ወጣት አንጋፋን ሲበልጥ ብቻ መጥቀስ ያሳንሰዋል። በዚያ ዓመት ቀንዱ ያደገው አንጋፋው ላይ ነበር።

ቫሌንዙዌላም ባዶ እጁን አልቀረም። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፣ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማትንም ወሰደ። ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው የኦክቶበሩን ጨዋታ ነው። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን በሚወስድበት ፍጻሜ፣ በዎርልድ ሲሪዝ፣ ዶጀርስ በኒውዮርክ ያንኪስ በጨዋታ 2 ለ 0 ተመርተዋል። ሦስተኛውን ጨዋታ ልጁ ጀመረ። ቀኑ የሱ አልነበረም፤ በ72 ኢኒንግ የገቡበትን ያህል፣ 4 ነጥብ በአንድ ምሽት ገባበት። አሰልጣኙ ቶሚ ላሶርዳ ግን አላስወጣውም። 147 ኳስ ወርውሮ፣ እስከ መጨረሻው ቆሞ 5 ለ 4 አሸነፈ። ዶጀርስ ቀጣዮቹንም ሦስት ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ።