የሮማ ጦር አጥኚዎች፦ ከበርሊን እስከ ቪንዶላንዳ

የሮማ ጦር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ዘመቻና ድል ነው። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎችም የተዉልን በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ወታደሩ ጦርነት በሌለበት ቀን ምን ይሠራ ነበር? ማን ታሞ ይተኛ ነበር? ሹመት የሚገኘው በምን መንገድ ነበር? ይህን ያወቅነው የድንጋይ ጽሑፍ፣ የፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራ የጥንት ወረቀት) ብጣሽና ስስ የእንጨት ሰሌዳ ሲያነቡ ዕድሜያቸውን በጨረሱ ሊቃውንት ነው። ስለ እነሱ በአማርኛ ብዙም ስላልተጻፈ ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ጀርመን ነው። ቴዎዶር ሞምሰን (1817–1903) በመላው የሮማ ግዛት የተገኙ የላቲን ጽሑፎችን በአንድ ላይ የማሰባሰብን ሥራ በ1853 በበርሊን አካዳሚ አስጀመሩ። ሥራው ዛሬም አልተቋረጠም። በ1892 በጀርመን ምድር ያለውን የሮማ ድንበር የሚያጠና ኮሚሽን ሲቋቋምም ዋናው ገፊ እሳቸው ነበሩ። አልፍሬድ ፎን ዶማሼቭስኪ ደግሞ በ1908 የጦሩን የማዕረግ ተዋረድ ዘርዝረው አሳተሙ። ይህን ዘርፍ የሚያጠና ሰው ዛሬም ያንን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም። በእንግሊዝ የሞምሰንን ዘዴ ያስለመዱት የኦክስፎርዱ ፍራንሲስ ሃቨርፊልድ ናቸው።

ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው ግን በ1929 ነው። ኤሪክ በርሊ (1906–1995) የሚባሉ ወጣት ምሁር በሰሜን እንግሊዝ፣ ከሐድሪያን ግንብ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቼስተርሆልም የሚባለውን ርስት ገዙ። ከመሬቱ ሥር ቪንዶላንዳ የተባለው የሮማ ምሽግ ተኝቶ ነበር። ከ1931 ጀምሮ በደርሃም ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ዘዴያቸው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የአንዱን መኮንን ስም ከብሪታንያ መሠዊያ ላይ ይወስዳሉ፤ ያንኑ ስም በሌላ የግዛቱ ጥግ በተገኘ ድንጋይ ላይ ይፈልጋሉ፤ በዚህ መንገድ ሰውየው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ያወጣሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ወታደራዊ መረጃ ክፍል ይህንኑ ችሎታ የጀርመንን ሠራዊት አደረጃጀት ለማጥናት ተጠቀመበት። በርሊ በ1949 ደግሞ የሮማ ድንበር ጥናት ጉባኤን በኒውካስል አስጀመሩ፤ ጉባኤው እስከ ዛሬ በየጥቂት ዓመቱ ይካሄዳል።

በደርሃም የተፈጠረው ነገር የእኛን ጉባኤ ቤት ይመስላል። እገሌ የእገሌ ደቀ መዝሙር ነው እየተባለ ይቆጠራል። የዶማሼቭስኪን መጽሐፍ በ1967 አርመው ያሳተሙት ብሪያን ዶብሰን ከበርሊ ተማሪዎች አንዱ ናቸው። የበርሊ ልጅ አንቶኒ የሮማ ንጉሠ ነገሥታቱን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ምሁር ሆኑ። ሌላው ልጃቸው ሮቢን የቪንዶላንዳን ቁፋሮ ያዙ።

በ1973 ሮቢን በርሊ በቪንዶላንዳ እርጥብ አፈር ውስጥ ስስ የእንጨት ፍቅፋቂ የመሰሉ ነገሮች አገኙ። ሁለቱ ተጣብቀው ነበር። ሲላቀቁ ውስጣቸው የቀለም ጽሑፍ ታየ። ጽሑፉ አየር ሲነካው ደበዘዘ፤ በኢንፍራሬድ ፎቶ ሲነሳ ግን ተመልሶ ወጣ። የጥንት ጽሑፍ አንባቢዎቹ አለን ቦውማንና ዴቪድ ቶማስ ቁጭ ብለው ፊደል በፊደል አነበቡት። ሰሌዳዎቹ የፖስትካርድ ያህል ስፋት፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው። ዛሬ ቁጥራቸው ከ1,700 በላይ ነው።

አንዱ በቪንዶላንዳ የሰፈረው የቱንግሪያውያን 1ኛ ጭፍራ የሰው ኃይል ሪፖርት ነው፤ የተጻፈው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ጠቅላላው 752 ሰው ሲሆን፣ 6ቱ የመቶ አለቆች ናቸው። 456ቱ በቦታቸው የሉም፤ ከእነሱ 337ቱ ኮሪያ በተባለው ምሽግ ናቸው። ከቀሩት 296 ደግሞ 15ቱ ሕመምተኛ፣ 6ቱ ቁስለኛ፣ 10ሩ ዓይናቸውን የታመሙ ናቸው። ለሥራ ብቁ የሆኑት 265 ብቻ። ሙሉ የሚመስሉን የሮማ ምሽጎች በእውነቱ ግማሽ ባዶ ይሆኑ እንደነበር የሚያሳይ እንደዚህ ያለ ማስረጃ ብርቅ ነው። በሌላ ሰሌዳ ማስክሉስ የሚባል የፈረሰኛ አለቃ ጓዶቹ ቢራ እንዳለቀባቸው ይጽፋል። በሌላው ክላውዲያ ሴቬራ የአንድ አዛዥ ሚስት የሆነችውን ሱልፒኪያ ሌፒዲናን ለራሷ ለሴቬራ ልደት ትጠራለች። ደብዳቤውን ጸሐፊ ቢጽፈውም መዝጊያውን በገዛ እጇ ጨምራለች።

የቆዳ ጫማዎቹም ብዙ ተናግረዋል። የጥንት ቆዳ አጥኚዋ ካሮል ፋን ድሪል-ሙራይ የሴቶችና የሕፃናት ጫማ በወታደሮች መኖሪያ ውስጥ መገኘቱን አሳዩ። ተራው ወታደር በሕግ ማግባት አይፈቀድለትም ነበር። ቤተሰቦቹ እዚያው ውስጥ ይኖሩ ነበር ወይስ አይኖሩም የሚለው አከራክሯል፤ ማስረጃው ግን ወደ መኖራቸው ያደላል።

ከባዱ ሙግት በ1976 መጣ። የስትራቴጂ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሉትዋክ ሮማ ድንበሯን የምትጠብቀው በታሰበበት ታላቅ ስትራቴጂ ነው አሉ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ቤንጃሚን አይዛክ በ1990 ተቃወሟቸው። በምሥራቅ ጦሩ ከድንበር ጥበቃ ይልቅ የተገዛውን ሕዝብ መቆጣጠሪያ ነበር አሉ። የአይዛክ ክርክር የበለጠ ያሳምናል። የደርሃም ሰዎች ከመኮንኖች ሌላ አላዩም የሚል ነቀፋም አለ። እውነትነት አለው፤ ሆኖም ተራውን ወታደር ያስገኙልን ሰሌዳዎች የወጡት በዚያው ቤት ልጅ እጅ ነው።

በሶርያ፣ ዱራ-ኤውሮፖስ በተባለች ጥንታዊ ከተማ የተገኙት የጦር ፓፒረሶችም ትልቅ ሀብት ናቸው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግኝት ግን የቀይ ባሕሩ ነው። ከምፅዋ ማዶ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ፋራሳን ደሴቶች፣ ከ2ኛው የትራያን ሌጌዎን (የሮማ ትልቅ የጦር ክፍል) የተላከ ጭፍራ በ144 ያቆመው የላቲን ጽሑፍ ተገኝቷል። ፍራንሷ ቪልኔቭ በ2004 አሳትመውታል። የአዱሊስ መርከቦች በሚመላለሱበት ባሕር ላይ የሮማ ወታደር ሰፍሮ እንደነበር በዚህ ታወቀ።

ቪንዶላንዳን አሁን የሚመሩት የኤሪክ የልጅ ልጅ አንድሩ በርሊ ናቸው። ቪንዶላንዳን የሚያስተዳድረው ተቋም በ2023 በአቅራቢያው ባለው በማግና ምሽግም ቁፋሮ ጀምሯል። እዚያ የአየር ንብረት ለውጥ ረግረጉን እያደረቀው ነው። አፈሩ ከደረቀ እንጨቱም ቆዳውም ስለሚበሰብስ፣ ቆፋሪዎቹ የአፈሩን እርጥበት ጭምር እየለኩ ይሠራሉ።