ከፍተኛ የነርስነትና የአዋላጅነት ሙያዊ ሚናዎች በደሴና በኮምቦልቻ

ከፍተኛ ሙያዊ ሚና የሚባለው ነርስ ወይም አዋላጅ ከመደበኛው እንክብካቤ አልፎ ሕመምን ራሱ የሚለይበት፣ መድኃኒት የሚያዝዝበት፣ በገዛ እጁ ሕክምና ሠርቶ ለውጤቱ ተጠያቂ የሚሆንበት የሥራ ድርሻ ነው። በአገራችን ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ የሥራ መደብ መጠሪያ አልተለመደም። በደሴና በኮምቦልቻ ግን ሥራው ከስሙ ቀድሞ የኖረ ነው።

ምክንያቱ ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት አለ። የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ታካሚ የሚመጣለት ከሁለቱ ከተሞች ብቻ አይደለም፤ ከአቀስታ፣ ከተንታ፣ ከከሚሴና ከአፋር በኩልም ይመጣል። አንዲት ወላድ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ በመንገድ የሚያልፈው ሰዓት ነው ጤና ጣቢያ ላይ ያለውን አዋላጅ ውሳኔ ሰጪ ያደረገው።

በዓለም ደረጃ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረው የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ነው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ደረጃ ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ እንዲኖር ይመክራል። አዋላጅነት ግን በራሱ ነጻ ሙያ ስለሆነ፣ የአዋላጇን ሥራ «የነርስነት ከፍተኛ ደረጃ» ብሎ መጥራት አዋላጆችን ደስ አያሰኝም፤ ልክም ናቸው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበርም ሙያው በራሱ ስም እንዲታወቅ ሲደክም የኖረ ነው።

በኢትዮጵያ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ ሰፊ ኃላፊነት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ ነው፤ ጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች የሠለጠኑት እዚያ ነበር። በደሴ ዛሬ ሥልጠናውን በዋናነት የሚሸከሙት ሁለት ተቋማት ናቸው፤ የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እና በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ። በወሎ ገጠር ባለ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ሲስተር የት ተማርሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ደሴ» የሚል መልስ ደጋግሞ ይሰማል።

የአዋላጅዋ ድርሻ

በሰነድም በተግባርም በደንብ የተቀመጠው ይህ ክፍል ነው። መሠረታዊ የድንገተኛ የወሊድና የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት ሰባት ተግባራትን ይይዛል፤ ፀረ ተሕዋስያን በመርፌ መስጠት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት መስጠት፣ የሚጥል በሽታ መሰል መንዘፍዘፍን በመርፌ ማቆም፣ ያልወጣ የእንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣት፣ በማህፀን የቀረን ቅሪት ማጽዳት፣ በቫኪዩም (የልጁን ጭንቅላት መጥጦ በሚይዝ ጽዋ) ማዋለድና ያልተነፈሰን ጨቅላ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) ማስተንፈስ። ሁሉም በሠለጠነች አዋላጅ እጅ የሚሠሩ ናቸው። ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ሲጨመሩ አገልግሎቱ ወደ ሆስፒታል ያድጋል።

የአዋላጅዋ ብቃት የሚፈተነው በኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር በሚመጣ መንዘፍዘፍ፣ ጊዜ ነው። መንዘፍዘፉን የሚያቆመው የማግኒዚየም ሰልፌት መነሻ መጠን 14 ግራም ሲሆን 4 ግራሙ በደም ሥር፣ 10 ግራሙ በጡንቻ ይሰጣል። እጅ ላይ ያለው ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ለደም ሥር የሚሆነውን 8 ሚሊ ሊትር ከ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ወደ 20 በመቶ ማቅጠን ግድ ነው፤ ይህ 20 ሚሊ ሊትር ቢያንስ በ5 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይገፋል። የጡንቻው ሳይቀጥን በእያንዳንዱ መቀመጫ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 5 ግራም፣ ከ1 ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ ሊዶካይን ጋር በጥልቀት ይወጋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ መንዘፍዘፉ ከተመለሰ 2 ግራም በደም ሥር ይደገማል። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም መቀመጫ እየቀያየሩ ይቀጥላል፤ የሚቆመውም ከወሊዱ ወይም ከመጨረሻው መንዘፍዘፍ፣ ኋላ ከመጣው ጀምሮ 24 ሰዓት ሲሞላ ነው።

እያንዳንዱ ተከታይ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፤ አተነፋፈስ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ ጉልበት ሲመታ እግር መወንጨፉ፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ። አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል። ትንፋሽ ከደከመ የማግኒዚየሙ ማርከሻ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 10 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር፣ በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል። ይህ ብልቃጥ ከማግኒዚየሙ ጋር በአንድ ሳጥን መቀመጥ አለበት፤ በጭንቅ ሰዓት መጋዘን ቁልፍ አይፈለግም።

ስሕተት የሚፈጠርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ባለ 50 በመቶውን ሳያቀጥኑ በደም ሥር መግፋት አንዱ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ «ትንፋሿን ያቆምብኛል» ብሎ ግማሽ መጠን ሰጥቶ መላክ። ሦስተኛው የሪፈር ወረቀት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምትላክ እናት መነሻ መጠኑን አምቡላንስ ከመግባቷ በፊት ማግኘት አለባት፤ መጠኑና ሰዓቱ ካልተጻፈ ግን ተቀባዩ ወይ ይደግመዋል ወይ ቀጣዩን ያዘገየዋል። ሁለቱም አደጋ ነው። ልምድ ያላቸው አዋላጆች ሰዓቱን በወረቀቱም በእናቲቱ ክንድ ላይ በተለጠፈ ፕላስተርም መጻፍ ይመርጣሉ፤ ወረቀት ይጠፋልና።

ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም 500 ሚሊ ሊትር ሲሞላ ከመጠን ያለፈ ይባላል። ችግሩ በዓይን ሲገመት አብዛኛውን ጊዜ ማነሱ ነው፤ ነጠላና ፍራሽ የጠጣው ደም አይቆጠርም። መከላከያው ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ መስጠት ነው። ደሙ ካልቆመ ማህፀንን ማሸት፣ የሽንት ፊኛን ባዶ ማድረግ፣ 20 ዩኒት ኦክሲቶሲን በ1 ሊትር ፈሳሽ ማስገባት፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን ማየትና መተርተር መኖሩን መፈለግ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ የሚሰጠው ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አይጠቅምም። አሁንም ካልቆመ በሁለት እጅ ማህፀንን ጨምቆ መያዝ ወይም ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ላይ በታሰረ ኮንዶም በጨው ውኃ የሚሞላ ፊኛ ማስገባት ይከተላል።

እዚህ ላይ ኮምቦልቻ ከደሴ ትለያለች። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ይፈልጋል። በኮምቦልቻ ሙቀት መብራት ሲጠፋና ብልቃጡ በማዋለጃ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሲውል ኃይሉ ይደክማል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። «መርፌው አልሠራም» የሚባልበት ጊዜ ጥፋቱ የማህፀኑ ላይሆን ይችላል። ለፈረቃው የሚበቃውን ብቻ በበረዶ መያዣ አውጥቶ የቀረውን ማቀዝቀዣ ውስጥ መተው የሚመከረው ለዚህ ነው።

በቫኪዩም ማዋለድ የበለጠ ፍርድ ይጠይቃል። የማህፀን በር ሙሉ መከፈቱ፣ የሽርት ውኃው መፍሰሱ፣ ጭንቅላት ቀድሞ መውረዱ፣ እርግዝናው ከ34 ሳምንት ማለፉና የሽንት ፊኛ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። የቫኪዩሙ ጽዋ መሐል የሚያርፈው ከኋላው እርግብግቢት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ነው። ወደ ግንባር ከሸሸ ጭንቅላቱ ይቀናል፤ መሳቡም ይከብዳል። ከጽዋው ሥር የእናትየው ሥጋ እንዳልገባ በጣት ተዙሮ ይታያል። የሚሳበው ከምጥ ጋር ብቻ ነው። በሦስት ስበት ምንም ካልወረደ፣ ሁለቴ ከተነቀለ፣ ወይም 30 ደቂቃ ካለፈ ይቆማል። ማቆም ማወቅ የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ነው።

የወሎ አዋላጆች በሌላም ይመሰገናሉ። ወላድ ገንፎዋን፣ ቡናዋን፣ ዱዓዋን ወይም የማርያም ስሟን ይዛ እንድትገባ መፍቀድን ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተቀብለዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ በሠለጠነ ባለሙያ የወለዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 28፣ በ2019 ወደ 50 ደርሰዋል። የእናቶች ሞትም ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ለውጡ የአዋላጆች ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያለ እነርሱ ግን አይታሰብም።

ክንድ ላይ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያም በዚሁ ድርሻ ሥር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ወጣት ሴት ሠራተኞች በብዛት በሚኖሩባት ኮምቦልቻ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ኢምፕላኖን በደንብ ከቆዳ ሥር ከተቀበረ ማውጣቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ከገባ ግን በጣት ስለማይዳሰስ ወደ ሆስፒታል ያስልካል። ስለዚህ ካስገቡ በኋላ አዋላጇም ባለቤቲቱም በጣታቸው ዳስሰው ማረጋገጥ አለባቸው።

ቦሩ ሜዳና የዓይን ነርሶች

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ይታወቃል። ሆስፒታሉ ደግሞ በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና ስሙ የተጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከሕፃናቱ 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ (የዓይን ቆብን የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ) እንዳለባቸው፣ ከአዋቂዎቹም 5.2 በመቶው ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እንደተቀለበሰ አሳይቷል። ይህን ሁሉ ሰው ለጥቂት የዓይን ሐኪሞች መተው አይቻልም ነበር። ነርሶች ጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የተደረገው ለዚህ ነው።

ሕመምተኛዋ ብዙ ጊዜ ወረንጦዋን በአንገቷ አንጠልጥላ የምትመጣ እናት ናት፤ ዓመታት ፀጉሩን ስትነቅል ኖራለች። የተነቀለው አጥሮና ሾሎ ሲበቅል ኮርኒያዋን (የዓይኗን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን) ይበልጥ ይፍቃል። ነርሱ ቆቡን በባለ አድሬናሊን ሊዶካይን አደንዝዞ፣ በፖቪዶን አዮዲን አጽድቶ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ይቆርጣል። ከዚያ የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ ውጭ አዙሮ በሦስት ስፌት ይይዘዋል። ሲጨርስ ሽፋሽፍቱ ትንሽ ከሚገባው በላይ ወደ ውጭ ማየት አለበት፤ ሲድን ይመለሳልና።

የሚከሽፈው በሦስት ምክንያት ነው። ቁርጡ ወደ ሁለቱ ጫፎች ካልደረሰ ፀጉሩ ከዳር በኩል ይመለሳል። ስፌቶቹ እኩል ካልተራራቁ ወይም እኩል ካልጠበቁ ቆቡ ይጎደጉዳል። ከልክ በላይ ከተዞረ ደግሞ ዓይን ሙሉ በሙሉ አይከደንም። ከቀዶው በኋላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 1 ግራም አዚትሮማይሲን የመመለሱን ዕድል ይቀንሳል። ስፌት ከ8 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንደገና መታየት አለባት። የደጋ ሰው በአጨዳና በእርሻ ወቅት ስለማይመለስ ቀጠሮው ከገበያ ቀኗ ጋር ቢገጥም የተሻለ ነው።

በጥቂት ሳምንት ሥልጠና የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ከፍተኛ ሙያዊ ሚና ይባላል ወይ የሚለው ያከራክራል። በዓለም አቀፉ መስፈርት ማስተርስ ስለሌለው አይባልም፤ በእጅ ጥበቡና በተጠያቂነቱ ግን ያለ ጥርጥር ይባላል።

ሌሎች ክፍሎች

የጨቅላ ሕፃናት፣ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ የሕፃናት እና የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በማስተርስ ደረጃ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠለጥናሉ። በጨቅላ ክፍል ነርሷ የምትመራው ሥራ ሙቀት፣ መተንፈስና መመገብ ነው። ያልተነፈሰ ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ በአምቡ ባግ ይተነፍስለታል። ደረቱ ካልተነሳ መጀመሪያ የሚታየው የጭምብሉ አቀማመጥና የአንገቱ አያያዝ ነው።

የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶና የወሊድ ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በማስተርስ መሠልጠን የጀመሩ ናቸው፤ ቀዶ ወሊድም ይሠራሉ። አብዛኞቹ ከጤና መኮንንነት የመጡ ስለሆኑ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ ቤተሰብ አልተቆጠሩም።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ሲቆዩ የደሴ ሆስፒታል ከፍተኛ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። አገልግሎቱ እንደገና ሲጀመር መሣሪያ ተለምኖና ተዋጥቶ ተተካ፤ በመሣሪያው የሚሠራ ሰው ግን ከተማው ውስጥ ነበር።

ዛሬ ዋናው ክርክር የማስተርስ ምሩቁ የት ይሥራ የሚለው ነው። ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ ነርስ ብዙ ጊዜ ወደ ማስተማር ወይም ወደ ቢሮ ይገባል፤ ማታ ዋርድ ውስጥ የሚቀረው ጀማሪው ነው። ማግኒዚየም የሚቀጥነው፣ ጨቅላ በአምቡ ባግ የሚተነፍሰው ደግሞ በሌሊት ፈረቃ ጭምር ነው።