ሳቹሬሽን ምንድን ነው?

«ሳቹሬሽኑ 92 ነው፣ ማለትም ሳንባው 92 በመቶ እየሠራ ነው።» ይህን አባባል ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። የሰሞኑ አስተያየት ሰጪ ግን ባሰ፤ የቀረው 8 በመቶ የት እንደሄደ ጭምር ማብራራት ጀመረ። ወንድሜ፣ የትም አልሄደም። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ስለ ሳንባ የሚያውቀው ነገር የለም።

የሚያውቀው ቀለም ነው። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፍና፣ ከልብ ምት ጋር ከሚመጣው ደም ውስጥ ምን ያህሉ ሄሞግሎቢን (ኦክሲጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን) ኦክሲጅን እንደያዘ ያሰላል። ሳቹሬሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ሄሞግሎቢንን አራት ወንበር ያለው ታክሲ አድርገን እንየው። ሳቹሬሽን 92 ማለት መንገድ ላይ ካሉት ወንበሮች ከመቶ 92ቱ ተሳፋሪ ይዘዋል ማለት ነው። ታክሲዎቹ ስንት ናቸው? አይነግርህም። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ታክሲዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን ሁሉም ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ሞኒተሩ 99 እያለ ሰውየው ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ላብ ያጠምቀዋል። ታክሲዎቹ ይሂዱ ይቁሙም አይነግርህም፤ እሱ የልብ ጉዳይ ነው። የከሰል ጭስ ያፈነው ሰው ላይማ ወንበሩን የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ሳለ፣ ተራው መሣሪያ ሞልቷል ብሎ ያልፋል። አንድ ነገር ላይ ታክሲዬ ይበላሻል፦ እዚህ አንዱ ሲሳፈር ለቀጣዩ መሳፈር ይቀለዋል፣ አንዱ ሲወርድ ሌላውም ለመውረድ ይቸኩላል። ከ90 በታች ቁጥሩ ቁልቁል የሚንደረደረው በዚህ ጠባይ ነው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቁጥሩን የማየው ሰው ከአልጋ ሳስነሣ ነው። ታማሚው ዎከሩን (የመራመጃ መደገፊያውን) ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ይቆማል፣ 95 የነበረው 79 ይሆናል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ አስታማሚው «አስተኛው!» ይላል። እኔ መጀመሪያ ፊቱንና አተነፋፈሱን፣ ቀጥሎ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን፣ የልብ ምቱን ተከትሎ የሚወጣና የሚወርደውን ሞገድ አያለሁ። ሞገዱ ከተቆራረጠ፣ ጣት ላይ ያለው መሣሪያ የልብ ምቱን 58 ሲል ኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ የሚከታተለው መሣሪያ) 104 ካለ፣ ያ 79 ከደሙ ሳይሆን ከተጨመቀው ጣት የመጣ ነው። እጁን ያላላል፣ እንጠብቃለን። ሞገዱ ንጹሕ ሆኖ ቁጥሩ ከወረደ ግን ክርክር የለም፣ ይቀመጣል።

ደግሞ ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጣት ላይ ያለው ንባብ ከእውነቱ ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል፣ ሲራመድ 94 ያልነው ሰው ወንበር ላይ አርፎ 87 ሊል ይችላል። ስለዚህ ከተቀመጠ በኋላም መሣሪያውን ቶሎ አልነቅልም።

«96 ነው፣ ደህና ነው» የሚሉትም አሉ። በስንት ሊትር ኦክሲጅን? በተራ አየር 96 የሆነና በደቂቃ 10 ሊትር እየወሰደ 96 የሆነ ሰው አንድ አይደሉም። በተቃራኒው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ ከ88 እስከ 92 ብሎ ዒላማ ሊያዝለት ይችላል፤ እሱን 98 ለማድረስ ኦክሲጅን መጨመር ደግነት አይደለም።

ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ኦክሲጅን ካነሣን አይቀር፦ ታማሚው ከመነሣቱ በፊት የኦክሲጅን ቱቦው ርዝመት የምትሄዱበት ድረስ ይደርስ እንደሆነ ለኩ። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ደግሞ የጣቱ መሣሪያ ባለበት ክንድ ላይ አይታሰር፤ በተነፋ ቁጥር ደሙን ይዘጋና ሳቹሬሽኑ ይጠፋል፣ ክፍሉ በሙሉ ይሯሯጣል።